ሃምሳ ከሃምሳ ያገኘው የባለቤቴ ግራ ጉልበት

ለብሔራዊ የዳሌና የጉልበት ቅየራ ውጤት መዝገብ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጤነኛ ጉልበት ላይ ቢላ እንዳያርፍ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ፣ ወገብዎ፣ ዳሌዎ፣ በተለይም ሁለቱም ጉልበቶችዎ እንደምን እንዳሉ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሁለቱም ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሥሪያ ቤትዎ አንዱን ብቻ የመጠየቅ ልማድ ስላለው፣ ሌላኛው ተረሳሁ ብሎ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው። ደረጃ ሲወጡ የሚደግፍዎ፣ ሲቀመጡም ወንበር የሚስብልዎ ሰው አይጥፋ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ መስታወት ፊት ቆሜ የሰው ፀጉር ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። የዛሬ አራት ዓመት ቀኝ ጉልበቷ አልሄድ ብሏት በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ፣ ያለቀው አጥንት ተቆርጦ ወጥቶ፣ ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ጉልበት ገባላት። ቀኝ ነው ያልኩት። ይህችን ቃል በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ብደጋግማት አይሰልቹብኝ፤ በመሥሪያ ቤትዎ ደጅ ስመላለስ ሌላ ቃል እስኪጠፋኝ ድረስ ያልኩት እሷኑ ነው።

በመጀመሪያ አድናቆቴን ልግለጽ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው፣ ሽሙጡ ወደ ኋላ ይመጣል። የእርስዎ መዝገብ ለምን እንደተቋቋመ ሲያስረዱን እሰየው ነበር ያልኩት። የተቀየረ ዳሌና ጉልበት ሁሉ ይመዘገባል፤ ባለቤቱ በየዓመቱ እንዴት ነዎት ተብሎ ይጠየቃል፤ ከብዙ ሺህ ሰው መልስም የትኛው ፋብሪካ ብረት ቶሎ እንደሚላላ፣ የትኛው ሃያ ዓመት እንደሚያገለግል ይታወቅና ለሚቀጥለው በሽተኛ የሚሻለው ይመረጥለታል። እኔ እንኳ የስንቱን ጭንቅላት ስቆርጥ ኖሬ፣ ደንበኛዬ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምን እንዳለችው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እንዲህ ያለ ጠያቂ ተገኘ ስባል ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላድርገው፤ ባለቤቴ ቁጥር የሌለው ነገር አትወድም።

አንደኛ። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በዓመቱ አሥር ጥያቄ ያለው ቅጽ በፖስታ መጣ። ግራ ጉልበትዎ ሲቀመጡ ያምዎታል ወይ፣ ግራ ጉልበትዎ ደረጃ ሲወርዱ ይከዳዎታል ወይ እያለ እስከ አሥር ይዘልቃል። እኔ ከጎኗ ሆኜ የተቀየረው እኮ ቀኙ ነው ብላት፣ ጤነኛውን አስቀድመው ጠይቀው ከተቀየረው ጋር ሊያስተያዩት እንደሚሆን፣ የቀኙ ወረቀት ለብቻው እንደሚመጣ፣ የተማሩ ሰዎች ያዘጋጁትን ጥያቄም ፀጉር ቤት ቆሜ እንዳላርም ነገረችኝ። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴን ቢያውቋት ጥሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ እያለች ያስተማረች፣ ያልተጠየቀውን የጻፈውን ልጅ መልሱ ልክ ቢሆን እንኳ የምትቀንስበት ሴት ናት። መነጽሯን አድርጋ፣ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ስለ ግራ ጉልበቷ እውነቱን ብቻ ሞላች። አያመኝም። አይከዳኝም። እንደ ልቤ ነው።

ከወር በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ የደስታ መግለጫ መጣልን፤ ሃምሳ ከሃምሳ። ፈጣሪ በእናቷ ማሕፀን የሠራው፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ያገለገለ ጉልበት ከፋብሪካ ከወጡት ሁሉ በልጦ ተገኘ። እኔም ጉረኛ ነኝና ደብዳቤውን በፍሬም አስገብቼ ሱቄ ውስጥ ከመስታወቱ አጠገብ ሰቀልኩት፤ ደንበኞቼ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉኝ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። እስከ ዛሬ አላወረድኩትም፤ ቤታችን ውስጥ ሃምሳ ከሃምሳ ያገኘ ሌላ ነገር የለም።

ሁለተኛ። በሁለተኛው ዓመት የተቀየረው ቀኙ ማመም ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ እየቆየ ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ እየያዘች ሆነ። ቅጹ ሲመጣ አሁንም ስለ ግራው ነው። ባለቤቴ የራሷን ሕግ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሳ፣ ከቅጹ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ የተቀየረው ቀኙ ስለሆነና እሱም ስለሚያመኝ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል ብላ ጻፈች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ወረቀቷ ተመልሶ መጣ። ከሣጥኖቹ ውጪ የሚጻፍ ጽሑፍ የማንበቢያውን ማሽን ስለሚያውክ ሌላ ንጹሕ ቅጽ እንደተላከላት፣ ለወደፊቱም ጠርዙን እንድትጠብቅ በአክብሮት ተገልጾላታል። ያቺ ሴት አፈረች፣ ክቡር ሆይ። አስተማሪ ሆና ወረቀት አበላሸች ስለተባለች አፈረችና በንጹሑ ቅጽ ላይ ግራው እንደማያማት ሞልታ ላከችው። ሃምሳ ከሃምሳ። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ። ማሽኑ ሳይታወክ በመሰንበቱ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ። የዛሬ አራት ወር ሕመሙ ሲብስባት ሆስፒታል ወሰድኳት። ያኔ የሠራላት ሐኪም ሥራ ለቆ ባሕር ማዶ ስለሄደ ሌላ አየልን፤ «ቀስ በሉ» ከአፉ ስለማይለይ ሕመምተኛው ሁሉ ዶክተር ቀስ የሚለው ደግ ሰው ነው። ራጁን ካየ በኋላ ግን እሱም ቀስ አላለም። ብረቱ ከአጥንቱ ተላቋል፤ በተራመደች ቁጥር አጥንቱን እየፋቀው ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ተከፍቶ ካልተተካ አዲስ ብረት የሚሸከም አጥንት አይተርፋትም፤ ያን ጊዜ ቀሪ ዕድሜዋ በተሽከርካሪ ወንበር ነው አለን። ከዚያ ለሁለተኛ ቅየራ ፈቃድ ሊጠይቅ መዝገብዎን በኮምፒውተሩ ከፈተና ማያውን ወደ እኛ አዞረው። መዝገብዎ እንደሚለው የዚህች ሴት ቀኝ ጉልበት ተቀይሮ አያውቅም፤ ያልተቀየረ ነገር ደግሞ ዳግመኛ አይቀየርም። የተቀየረው ግራው ነው፣ እሱም ምስጉን ነው። ቀኙን እንደ አዲስ ላስቀይር ካለች ተራው ከአራት ዓመት በኋላ ይደርሳታል።

ሐኪሙ ራጁን አያይዞ ለመሥሪያ ቤትዎ ጻፈ። የራጅ ፊልም ተገልብጦ ሊታይ ስለሚችል በመዝገብ የሰፈረውን አይሽርም የሚል መልስ መጣለት። የሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ወጥቶ ቢታይ ደግሞ ያ ባሕር ማዶ የሄደው ሰው በችኮላ «ጉልበት ተቀየረ» ብቻ ብሎ አልፎታል። የስልክ መስመርዎንም ሞክሬያለሁ። የተቀዳችው ድምፀ መልካም ሴት ለግራ አንድን፣ ለቀኝ ሁለትን እንድጫን ነገረችኝ፤ ሁለትን ብጫን በስምዎ የተመዘገበ ቀኝ ጉልበት አልተገኘም፣ ስለደወሉ እናመሰግናለን ብላ ዘጋችብኝ። እኔም አመሰግናለሁ።

ነገሩ በሱቄ ሲወራ ከረመ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደንበኛዬ፣ በእነሱ ሥራ ሊብሬውና ሰሌዳው አልስማማ ሲሉ ሰሌዳውን መፍታት እንደሚቀል ነግሮኝ፣ ባለቤቴም በግራ እግሯ ብታነክስ ነገሩ ያልቅ እንደነበር መከረኝ። ያን ቀን ስቄ ነበር። ምክሩ እውነት ሆኖ እንደሚመጣ አላወቅኩም።

አራተኛ። የእርማት ክፍልዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። የጉልበትና የዳሌ በሽተኛ ብቻ የሚመጣበትን ክፍል እዚያ ላይ ያወጣው ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ፣ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ጢሙን በነጻ ልላጨው ምላጬን ስዬ እጠብቀዋለሁ። ባለቤቴ ግራዋን እያስቀደመች፣ ቀኟን እየጎተተች፣ በየአሥሩ እያረፈች ሃምሳ አራት ደረጃ ወጣች። ቁጥሩን የነገረችኝ እሷው ናት።

በመስኮቱ በኩል የምታስተናግደው ሠራተኛ ጥሩ ልጅ ናት፤ እሷን አልከስም። ባለቤቴ፣ በሰው ፊት ቁርጭምጭሚቷን እንኳ የማታሳይ ሴት፣ ቀሚሷን ገልባ በቀኝ ጉልበቷ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደውን ጠባሳ አሳየቻት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠባሳ ሰነድ አይደለም አለቻት። ባለቤቴ ቀሚሷን አስተካክላ ልክ ነሽ ልጄ አለቻት። አንጀቴን በላችው።

እርማት ለማግኘት የሠራው ሐኪም ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሱ የለም። እሱ ከሌለ የዛሬ አራት ዓመት በእጅ የተሞላው ዋናው ቅጽ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ይህን ለማወቅና ቅጹን ለማስወጣት ሰባት ጊዜ ተመላለስን፤ የእኔ እግር ቀጠነ፣ የእሷ አበጠ። በሰባተኛው ቀን ቅጹ ተገኘ። ቅጹ ላይ ፊቱን ወደ አንባቢው ያዞረ ሰው ተሥሏል፤ የሚቀየረው ጉልበት ላይ ኤክስ አድርጉ ይላል። ኤክሱ የተደረገው በሥዕሉ ሰው ግራ ጉልበት ላይ ነው። ያኔ ሐኪሙ ቅጹን ሳይሆን እግሯን አይቶ ቀኙን ሠራ፤ መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ እግሯን ሳይሆን ቅጹን አይቶ ግራውን መዘገበ። መዝገቡና ቅጹ ስለተስማሙ እርማት የለም ተባልን። ያንን ኤክስ ያደረገው እጅ የማን እንደሆነ፣ ድፍረት ካገኘሁ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይሄ ነው። ለሁለት የሚሠራውን ለብቻው ሲሠራ የከረመው ግራ ጉልበት ዘንድሮ ማበጥና ማመም ጀመረ። ምን ያድርግ? ዶክተር ቀስ አይቶት ምንም በሽታ እንደሌለበት፣ ደክሞት እንደሆነ፣ ቀኙ ከተሠራ እሱ በራሱ እንደሚሻለው ነገረን። በዚሁ መሐል የዘንድሮው መጠይቅ ደረሰ። እባክሽ እንደ ወትሮው አያመኝም በያቸው ብዬ ለመንኳት። ልጆች ሲኮርጁ በምታይበት ዓይን አየችኝና እውነቱን ሞላች። አሥራ ዘጠኝ ከሃምሳ።

ክቡር ሆይ፣ ጉድ ፈላ! አራት ዓመት ያንቀላፋው መሥሪያ ቤትዎ በስምንት ቀን ውስጥ ቀይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላከ። የተቀየረው ግራ ጉልበት የመክሸፍ ምልክት ስላሳየ በአስቸኳይ ተከፍቶ፣ ያለው ብረት ወጥቶ በሌላ እንዲተካ ቅድሚያ ስለተሰጣት፣ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንድትገኝ ይላል። የሚወጣ ብረት እኮ የለም! ምን ሊያወጡ ነው? በዚያው ቀን ቀኙ ይሠራልን ብዬ ዶክተር ቀስን ብለምነው፣ ፈቃዱም ከመጋዘን የሚላከውም ብረት የግራ እንደሆነ፣ የግራ ብረት በቀኝ እግር እንደ ግራ ጫማ እንደማይገባ አስረዳኝ። እሱ ጤነኛ ጉልበት እንደማይከፍት ማለልኝ፤ ማክሰኞ የእሱ ተራ አለመሆኑንም አልደበቀኝም። እንቅር ብንል ደግሞ ቅድሚያ ተሰጥቶት የቀረ ሰው ስሙ ከተራ ይሰረዛል። ብንሄድ ጤነኛው ሊከፈት ነው፤ ብንቀር የታመመው እንደታመመ ሊቀር ነው። ከስድስቱ ወር የቀረን ሁለት ነው።

በዚህ ላይ የብረቱን ፋብሪካ ሳስብ ያሳዝነኛል። ሦስት ዓመት ባልሠራው ጉልበት ተመሰገነ፣ ዘንድሮ ባልሠራው ጉልበት ሊወቀስ ነው፤ በእርግጥ የሠራውና የተላቀቀው ብረት ግን መዝገብዎ ውስጥ የለም። ከእኛ በኋላ ለሚመጣው በሽተኛ ሐኪሙ መዝገብዎን ከፍቶ፣ ይህ ብረት ሦስት ዓመት ሃምሳ ከሃምሳ ያገኘ ነው ብሎ ያንኑ ያስገባለታል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ከአሁኑ አዝንለታለሁ።

ምን ላድርግ ክቡር ሆይ? እውነቴን ነው የምጠይቅዎ፤ ነገር ጨረስኩ። እኔ ያበላሸሁትን ፀጉር ወር ቢቆይ መልሶ ይበቅላል፤ አጥንት ግን አይበቅልም አሉኝ። ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ ከንፈሯን ነክሳ የምትውጣት ድምፅ አለች፤ እኔ የተኛሁ መስዬ እሰማታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አትወጣም። ፈራሁ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ፈርቻለሁ። ከማክሰኞ በፊት ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መጥቶ ጠባሳውን በጣቱ ዳስሶ ቀኝ ነው ብሎ ይፈርምልኝ። ቤታችን ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም።

እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ያልታመመውን ስለጠየቁልኝ፣ የታመመውንም በመጠየቅ ስላላስጨነቁት፣ ይህን ደብዳቤም ከሣጥን ውጪ የተጻፈ ቢሆን ማሽኑ እስኪተፋው ድረስ ስለሚታገሡኝ፣ ምስጋናዬ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ከፍ ያለ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ቀኝ ጉልበቷ ያልተመዘገበላት ሴት ባል፣
ፀጉር አስተካካይ

ግልባጭ፦
ለማንበቢያ ማሽኑ፣ ከይቅርታ ጋር
ለግራ ጉልበት፣ ማክሰኞን እንዲያውቀው
ለቀኝ ጉልበት፣ እንዲታገሥ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦

ኤክሱን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታል የገባች ቀን ነርሷ መነጽሯንና ቀለበቷን ተቀብላት ስለነበር፣ ባለቤቴ ቅጹን ሙላልኝ ብላ ሰጠችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ያየሁት ከኋላው ቆሜ በመስታወት ነው፤ በመስታወት ውስጥ ደግሞ የደንበኛዬ ቀኝ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነው። ሥዕሉን ሳየው መስታወት መሰለኝና በቀኜ በኩል ያለውን ጉልበት ምልክት አደረግኩበት። ፊቱን ወደ እኔ ላዞረ ሰው ያ ግራው መሆኑ በአእምሮዬም አልመጣ። ሠራተኛዋ ቅጹን ወደ እኔ ስታዞረው ኤክሱ አረንጓዴ ነበር፤ የቀጠሮ ደብተሬን የምሞላበት እስክሪብቶ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን ደረጃውን መውጣት አቅቷት ታች አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ምን አሉህ ስትለኝ፣ ይታያል አሉ አልኳት።

የእኔ ስሕተት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀችም፤ አራት ዓመት ተንከባክበው፣ ማኅተም አልብሰው ለወግ ለማዕረግ ስላበቁልኝ ውለታዎን አልረሳም፣ ክቡር ሆይ።

ባለቤቴ ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን ጋዜጣ በየጠዋቱ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ፣ የፊደል ግድፈቱን እያረመች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታነበዋለች። ቤት ውስጥ አፌ አልከፈት ያለኝን እዚህ ታገኘዋለች። የቀረችኝ አንዲት ቃል ለኃላፊው አይደለችም፤ ላንቺ ናት። ማክሰኞ ያው ቅጽ፣ ያው ሥዕል ይሰጠን ይሆናል። የሚለውጠው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ብቻ መነጽርሽን ለማንም አትስጪ፣ እስክሪብቶውንም ለእኔ አትስጪኝ። ይህ የሚወጣ ዕለት ሳትነቂ ወደ ሱቅ እሄዳለሁ። ከሃምሳ ስንት እንዳገኘሁ ስመለስ ትነግሪኛለሽ።